የቮልስ የኋላ ፍሬን እየጋለ ሲያስቸግር፦ ታምቡሩን ከመፍታታችሁ በፊት

«ሸራ አስቀየርኩ፤ አሁንም ይግላል።» የቮልስ ባለቤቶች ሲገናኙ ይህ ወሬ አይጠፋም። ሸራው ይቀየራል፤ ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ይገባል። ሳምንት ሳይሞላው ከኋላ ጎማ ያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ሥራው ከመጨረሻው ስለተጀመረ ነው። መጀመሪያ የተፈታው ታምቡሩ ነበር። ታምቡሩ እስኪፈታ መኪናው በርዷል፤ ይዞ የነበረው ለቋል፤ ማስረጃው ጠፍቷል።

የኋላ ፍሬን የሚግለው ሸራው ታምቡሩን አልለቅ ሲል ነው። ሸራውን ገፍቶ የሚይዘው ደግሞ ከሦስት አንዱ ነው፦ የእጅ ፍሬን ካቮ፣ ቱቦ ውስጥ ታፍኖ የቀረ የዘይት ግፊት፣ ወይም ታምቡሩ ውስጥ ያለ ብረትና ሞላ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጎማ ሳይወልቅ ማወቅ ይቻላል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚህ ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 2ን።

ልኬቶቹና የቁልፍ ቁጥሮቹ የቮልስ ቢትል ናቸው። ፍተሻው ግን የኋላ ታምቡር ላለው ለማንኛውም የድሮ መኪና ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

– ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ፣ የፊት ጎማ ማገጃ እንጨት
– የ36 ቡሶላና ጠንካራ እጀታ፣ እንዲሁም እጀታውን የሚያስረዝም 1 ሜትር የብረት ቱቦ
– የ7 ቁልፍ ለአየር ማውጫው፣ የ11 ቁልፍ ለፍሬን ቱቦ ዳዶ
– ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ ብሩሽ
– ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ከጠርሙስ ጋር
– ያልተከፈተ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት
– ለሁለቱም ጎን አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግድ ሽቦ)
– የአፍ መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ፔዳል የሚረግጥላችሁ ሰው

ታምቡሩን መሀሉ ላይ የሚይዘው የ36ቱ ዳዶ በተራ ቁልፍ አይደፈርም። ቱቦና ጥሩ ቡሶላ ከሌላችሁ ደረጃ 5ን አትጀምሩት። ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ግን ያለ እሱ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ እዚያው ይገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦

በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስሱ። ብረቱ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

የታምቡር አቧራ በኮምፕረሰር አታስነፉ፤ በአፋችሁም እፍ አትበሉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አቧራውን በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት።

በክሪክ ብቻ ቆሞ ካለ መኪና ሥር አትግቡ። በዚህ ሥራ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ማርሹም ዜሮ ይሆናል። መኪናውን የሚይዘው የፊት ጎማው ማገጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ሥሩ።

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ቦዲው ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት።

ደረጃ 1 – በእርግጥ ከመጠን በላይ ነው?

ፍሬን መሞቁ ጤናማ ነው። ሥራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነውና። ጥያቄው ሳትነኩት ለምን ሞቀ የሚለው ነው።

1. ሜዳማ በሆነ መንገድ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ንዱ። በተቻለ መጠን ፍሬን አትንኩ። ለመቆም ጋዙን ልቀቁና መኪናው ራሱ ፍጥነቱን እስኪጨርስ ጠብቁ።

2. ስትቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማ አግዱ።

3. መዳፋችሁን ወደ አራቱም ጎማ መሀል ተራ በተራ አስጠጉ፤ አትንኩ። ከዚያ የኋላዎቹ ታምቡሮች ላይ በጣታችሁ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ጠብታው ቺስ ብሎ ከተነነ ብረቱ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት አልፏል። ሳትረግጡት እዚያ የደረሰ ፍሬን ይዟል ማለት ነው። አንድ ጠብታ ለመለኪያ ይበቃል፤ ከላይ ስለ ውሃ የተባለው አይረሳ።

4. ያገኛችሁትን በወረቀት ጻፉ። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወይስ አራቱም?

አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ እዚያው ጎማ አካባቢ ነው፦ የራሱ ካቮ፣ የራሱ የላስቲክ ቱቦ፣ ዘይቱ ሸራውን የሚገፋበት የራሱ ሲሊንደር። ሁለቱ የኋላዎቹ ከጋሉ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ጠርጥሩ። አራቱም ከጋሉ ወደ ፔዳሉና ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ወደሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ሂዱ።

ሽታውንም ለዩት። የተቃጠለ ሸራ ጉሮሮ የሚይዝ፣ የከረረ ሽታ አለው። የካምቢዮ ዘይት ሲቃጠል ግን ድኝ ድኝ ይላል። ሁለተኛው ከሆነ ደረጃ 6 ላይ ስለ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ያለውን አንብቡ።

የታምቡሩ ዳር ቀዝቅዞ መሀሉ፣ ዳዶው አካባቢ፣ ብቻ ከጋለስ? ያ ፍሬን አይደለም፤ ኩሽኔታ ነው። ሲነዳም ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የማጉረምረም ድምፅ ይኖረዋል። ይህን ይዞ መንዳት አደጋ ነው።

ቁልቁለት ወርዳችሁ ከሆነ ደግሞ ፍርድ አትስጡ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቀቃል። ያን ሁሉ በፔዳል የወረደ ሰው አራቱንም ታምቡር ቢያግል አይገርምም። ያ የአነዳድ ጉዳይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2 – ማን እንደያዘው መለየት

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። መኪናው ገና ትኩስ እያለ መሠራት አለበት። ከበረደ ጎማው ለቆ ሊገኝ ይችላል። ከሙከራ ጉዞው እንደተመለሳችሁ ጀምሩ፤ ቡናው በኋላ ይደርሳል።

1. የፊት ጎማዎቹን አግዱ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ።

2. የጋለውን ጎን በክሪክ አንሱና መደገፊያ አስገቡ። በድሮዎቹ ቮልሶች ጎማው ሲንጠለጠል ታችኛው በኩል ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። የአክሱሉ አሠራር ስለሆነ አትደንግጡ።

3. ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ካምቢዮው ራሱ ትንሽ ይከብዳል። ያ ክብደት ግን እኩልና ለስላሳ ነው። የያዘ ፍሬን ሽር ሽር ይላል፤ አንድ ቦታ ላይ ይብስና ሌላ ቦታ ላይ ይለቃል፤ ወይም ጭራሽ አይዞርም።

4. ከያዘ በመጀመሪያ ካቮውን አላሉ። ከእጅ ፍሬኑ ዘንግ ሥር፣ በሁለቱ ወንበሮች መሀል፣ ሁለት የካቮ ጫፎች ከነዳዷቸው ታገኛላችሁ። ካቮው አብሮ እንዳይዞር ጫፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ በካቻቢቴ ያዙና ዳዶውን ብዙ ዙር መልሱ። አሁን ጎማውን አሽከርክሩ። ከለቀቀ ጥፋተኛው ካቮው ወይም የተስተካከለበት መንገድ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።

5. ካልለቀቀ በጎማው ጀርባ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን አግኙ። ግልጹን ቱቦ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ፊታችሁን አርቁ፤ ዘይቱ ትኩስ ነው። በ7 ቁልፍ ግማሽ ዙር ፍቱ። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ብሎኑን መልሳችሁ አጥብቁና ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

6. ካቮው ላልቶ፣ ግፊቱም ወጥቶ አሁንም ከያዘ ችግሩ ታምቡሩ ውስጥ ነው። ደረጃ 5 የሚያስፈልገው ለዚህ ሰውና ካቮ ለሚቀይር ብቻ ነው።

ከካቮው በፊት የአየር ማውጫውን አትክፈቱ። ግፊቱ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ፈተናውን ለመድገም እንደገና ነድቶ ማጋል ግድ ይሆናል።

የአየር ማውጫው ብሎን አልፈታ ቢልስ? አትታገሉት። ብሎኑ ባዶ ሆዱን ነው፤ ቶሎ ይቆረጣል። የዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ፤ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱት። እምቢ ካለ ከላስቲክ ቱቦው በኋላ፣ ወደ ጎማው በኩል ያለውን የብረት ቱቦ ዳዶ በ11 ቁልፍ በጥቂቱ አላሉትና እዚያ ሞክሩ።

ደረጃ 3 – የእጅ ፍሬን ካቮ

ሁለት ዓይነት ችግር አለ።

አንደኛው ካቮው ራሱ መያዙ ነው። ጭቃና ውሃ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ያዝገዋል፤ ሲሳብ ይሄዳል፣ ሲለቀቅ አይመለስም። ለማረጋገጥ አንድ ሰው ዘንጉን ስቦ ይልቀቅላችሁ። እናንተ ጎማው ጋ ሆናችሁ ካቮው ወደ ላሜራው (ከታምቡሩ ጀርባ ያለው፣ ሸራው የተገጠመበት ብረት) የሚገባበትን ተመልከቱ። ዘንጉ ወርዶ ካቮው ከቀረ ወይም እየተጎተተ ከተመለሰ ይቀየር። ዘይት መርጨት ለጥቂት ቀናት ያስታግሳል እንጂ አያድንም። አዲስ ለማስገባት ታምቡሩ ይፈታል።

ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ የሰው ሥራም ነው። ሸራው ሲያልቅ የእጅ ፍሬኑ ከፍ ብሎ መያዝ ይጀምራል። ሰውዬው ወንበር መሀል ያለውን ዳዶ ያጠብቃል። ቀላል ነው፤ መተኛት የለበትም። ግን ካቮውን ሲያሳጥረው ታምቡሩ ውስጥ ያለው ማንሻ ሁልጊዜ ከፊል ተስቦ ይቀራል። ሸራው ወደ ማረፊያው አይመለስም። ትንሽ ሲሞቅ ሁሉም ይለጠጣል፤ ይይዛል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሸራው በኮከብ ዳዶዎቹ (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጉ ጥርስ ያላቸው ዳዶዎች) ይስተካከል፤ ካቮው በመጨረሻ። አደራረጉ ደረጃ 7 ላይ አለ። ካቮውን አላልታችሁ ጎማው ከለቀቀና ካቮው ጤነኛ ከሆነ በቀጥታ ወደዚያ ዝለሉ። ታምቡር መፍታት አያስፈልግም።

ደረጃ 4 – ታፍኖ የቀረ ግፊት

አየር ማውጫው ሲከፈት ጎማው ከለቀቀ፣ ግፊቱን የያዘው ወይ የላስቲክ ቱቦው ነው ወይ ማስተር ሲሊንደሩ። ለመለየት ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሳይቆሽሹ ይሠራል። በቮልስ የፍሬን መብራትን የሚያበራው ማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያለ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ማብሪያ ነው። መኪናው እንደያዘ ቁልፉን ክፈቱና ፔዳል ሳትነኩ የኋላ መብራቱን እዩ። የፍሬን መብራቱ ከበራ ማስተሩ ግፊቱን አልለቀቀም። መብራቱ ጠፍቶ ጎማው ከያዘ ወደ ላስቲክ ቱቦው አዘንብሉ። ማብሪያው ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል ይህን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት።

ሁለተኛው እርግጠኛው ነው። እንደገና ነድታችሁ አሙቁ። ጎማው ይዞ ሳለ ከላስቲክ ቱቦው በፊት ያለውን የብረት ቱቦ ዳዶ በ11 ቁልፍ ትንሽ አላሉ። ከለቀቀ ችግሩ ወደ ማስተሩ በኩል ነው። ካልለቀቀ፣ ከዚያ አየር ማውጫው ሲከፈት ግን ከለቀቀ፣ የላስቲክ ቱቦው ውስጡ አብጧል።

ያበጠ ቱቦ ከውጭ ደህና ይመስላል። በፔዳል ኃይል ዘይቱ ወደ ጎማው ያልፋል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ሞላው ብቻ ስለሆነ ጠባቡን ቀዳዳ ማለፍ ያቅተዋል። አንዱ አብጦ ከሆነ ሁለቱንም የኋላ ቱቦዎች ቀይሩ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።

ችግሩ ወደ ማስተሩ በኩል ከሆነ ግን ማስተር ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የፔዳሉን ልቅነት እዩ።

1. ፔዳሉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። መጀመሪያ ያለምንም ክብደት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ይህ በግፊት ዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መሀል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ ማለት ነው።

2. ልቅነት ከሌለ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሿ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፤ መውጫ ስለሌለው ሸራውን ይገፋል፤ ሸራው የበለጠ ይግላል። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት አልሄድ የሚለው በዚህ ነው።

3. ምንጣፉን አንሱ። ከፔዳሉ ሥር የተጠቀጠቀ ምንጣፍ ወይም ጠጠር ብቻውን ይህን ያደርጋል። የፔዳሉ መመለሻ ሞላ መኖሩንና መሥራቱንም እዩ።

4. ማስተካከል ካስፈለገ የፔዳሉን ማቆሚያ ላሜራ አላልታችሁ አንሸራቱት። የግፊት ዘንጉን ርዝመት አትንኩ። ከዚህ በፊት የነካው ሰው ካለ ግን ምናልባት በሽታው እዚያው ነው።

ልቅነቱ ትክክል ሆኖ ግፊቱ አሁንም ካልለቀቀ ዘይቱን ፈትሹ። በፍሬን ማጠራቀሚያ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት የጨመረ ሰው ካለ ጎሚኒዎቹ (የላስቲክ ማሸጊያዎቹ) አብጠዋል። መለየቱ ቀላል ነው፦ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትንሽ ጠብታ ጣሉ። ዶት 3 እና ዶት 4 ከውሃ ጋር ይቀላቀላሉ። የማዕድን ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ መጥፎ ዜና ነው፤ በመስመሩ ያለው የላስቲክ ነገር ሁሉ፣ ከማስተሩ እስከ አራቱ ሲሊንደር፣ ይቀየራል፤ የብረት ቱቦውም ይታጠባል። በከፊል መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይቱም ንጹሕ ከሆነ ብቻ ማስተሩን ቀይሩ።

ደረጃ 5 – ታምቡሩን መፍታት

1. መኪናው ይብረድ። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ የ36ቱን ዳዶ የሚያግደውን ኮፒሊያ አውጡ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ረዳታችሁ ፔዳሉን ይርገጥ። ዳዶውን አላሉ። በሁለቱም ጎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው።

2. አሁን ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ልቅ፣ የፊት ጎማ የታገደ መሆኑን አረጋግጡ። መኪናውን አንስታችሁ መደገፊያ አስገቡና ጎማውን አውልቁ።

3. ኮከብ ዳዶዎቹን ወደ ኋላ መልሱ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩት ላይ ቀዳዳዎቹ በላሜራው ጀርባ በላስቲክ ተደፍነው ይገኛሉ። ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ ቀዳዳው በታምቡሩ ፊት ነው። ይህን ሳትሠሩ ብትስቡ ያለቀው ታምቡር ከንፈር ሸራውን ይዞ ይቀራል።

4. ዳዶውን ጨርሳችሁ አውጡ። ታምቡሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ።

አልወጣ ካለ በታምቡሩ ዳር በመዶሻ አትምቱት። ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ምቱም ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። የዝገት ማላቀቂያ ጥርሱ ላይ ነፍታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ታምቡር ማውጫ ተጠቀሙ። ማውጫ ከሌለ ብዙ ጋራዦች ያውሷችኋል፤ ዋስ ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 6 – ውስጡን ማንበብ

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። አንድ ጎን ብቻ ፍቱ፤ ሌላው እንደ ካርታ ይቀመጥ። በተለይ ሸራው የሚሰካባቸውን የኮከብ ዳዶ ብሎኖች ጫፍ እዩ። ስንጥቃቸው ሰያፍ ነው። ተገልብጦ ከተሰካ ጫማው (ሸራው የተለጠፈበት ብረት) ተንጋድዶ ይቆማል፤ አዲስ ሸራ ሆኖም ይይዛል።

ከዚያ በዚህ ተራ ተመልከቱ።

ዘይት። ሸራው ረጥቧል? የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ ጫፉን ገልጣችሁ እዩ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። ወፍራምና ድኝ የሚሸት ከሆነ ኦይል ሲሉ ነው የካምቢዮ ዘይት ያሳለፈው። ሲሉን ከመቀየራችሁ በፊት ካምቢዮው ከልክ በላይ አለመሞላቱን አረጋግጡ፤ ልኩ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በእሳት ተለብልቦ አይድንም። ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ጣሉት፤ በሁለቱም ጎን ቀይሩ።

ሲሊንደር። ሁለቱን ፒስተኖች በአውራ ጣታችሁ ግፉ። በእኩል ኃይል መግባት አለባቸው። አንዱ ከደረቀ ዝገት ይዞታል። አዲስ ሲሊንደር ግዙ። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ዝገት የበላው ጉድጓድ ጎሚኒውን ቶሎ ይበላዋል።

ሞላ። አንድ ጊዜ በጣም የጋለ ሞላ ኃይሉን ያጣል። ሳይሳብ በጥምዝዞቹ መሀል ብርሃን ከታየ ተለጥጧል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ከሄደም አትመኑት። በዚህ ሥራ ርካሹ ዕቃ ሞላ ነው፤ ሰው ግን የሚቆጥበው እሱን ነው።

ላሜራ። ጫማው የሚንሸራተትባቸውን ከፍ ያሉ ቦታዎች በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጫማው ጉድጓድ ቆፍሮ ከሆነ ሲወጣ ይወጣል፤ ሲመለስ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል። ጥፍራችሁ ከያዘው ጫማውንም ይይዘዋል። በሞረድ አስተካክሉት፤ ጥልቅ ከሆነ አስበይዱና አስተካክሉ። ከዚያ ሙቀት የሚችል ግሪስ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ቀቡ።

ሸራ። ውፍረቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ከወረደ ይቀየር። አዲስ ካስለጠፋችሁ ደግሞ ከመጠን በላይ አለመወፈሩን እዩ። ኮከብ ዳዶዎቹ ሙሉ በሙሉ ተመልሰው ታምቡሩ በእጅ ገፋ ሲደረግ መግባት አለበት። በመዶሻ የገባ ታምቡር በቃ ይግላል፤ «ሲነዳ ይለመዳል» የሚለውን አትስሙ። የሸራውን ሁለት ጫፎች በሞረድ ሰያፍ አድርጉ።

ታምቡር። የተሰነጠቀ ይጣል። ሰማያዊ ጠቃጠቆ ያለበት ወይም ሞላላ የሆነ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ታምቡሩ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ ልኬት ካለ ሠራተኛው እንዲያከብረው ንገሩት። ብዙ የተላጨ ታምቡር ይቀጥናል፤ የቀጠነ ደግሞ ሙቀት አይችልም።

ደረጃ 7 – መግጠምና ማስተካከል

1. በፎቶው መሠረት መልሱ። እጃችሁ ላይ ግሪስ ካለ ሸራውን አትንኩ።

2. ታምቡሩን አስገቡ፤ ጎማውን እሰሩና መኪናውን መሬት አውርዱ። የ36ቱ ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። መለኪያ ከሌላችሁ 1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። በስሜት ብቻ ያጠበቀ ሰው የታምቡሩን ጥርስ ያስበላል፤ ከዚያ ጎማው ቆሞ አክሱሉ ይዞራል።

3. የኮፒሊያው ቀዳዳ አልገጠመም? ዳዶውን ወደ ኋላ አትመልሱ። እስኪገጥም ወደፊት አጥብቁ። አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ።

4. ቱቦ ወይም ሲሊንደር ከተፈታ አየር አውጡ። ቅደም ተከተሉ ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ።

5. መኪናውን እንደገና አንሱ። የእጅ ፍሬን ካቮው ልቅ መሆኑን አረጋግጡ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ርገጡ፤ ጫማዎቹ መሀል ይይዛሉ።

6. ጎማውን እያዞራችሁ አንዱን ኮከብ ዳዶ በካቻቢቴ አጥብቁ። ጎማው ሲቆም ፔዳሉን እንደገና ርገጡ፤ ከላላ ጨምሩ። ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱ። ጎማው በነፃነት መዞር አለበት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት፤ አንዱ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ስታነሱ ከጠበቀ ሌላው ወደ ታች ስትጫኑ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳትና አንዱን አጥብቆ ሌላውን ያላላል።

7. አሁን ካቮው። ዘንጉን 2 ቀጭታ ከፍ አድርጉ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በእጅ ሲዞሩ ትንሽ እስኪከብዱ ድረስ ዳዶዎቹን አጥብቁ። 4 ቀጭታ ላይ ሁለቱም በእጅ መዞር የለባቸውም። ዘንጉ ሲወርድ ሁለቱም ነፃ ይሁኑ። አንዱ ነፃ ሆኖ ሌላው ከያዘ ካቮዎቹን እኩል አላደረጋችሁም።

ደረጃ 8 – መንገድ ላይ መሞከር

መጀመሪያ ቆማችሁ ፔዳሉን ፈትሹ። ሰፊ ቦታ ላይ በቀስታ ነድታችሁ ደጋግማችሁ ቁሙ። ከዚያ የደረጃ 1ን ጉዞ ድገሙ። አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይሞቃል፤ ይሸታልም። በግራና በቀኝ እኩል ከሆነ ግድ የለም። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ኮከብ ዳዶውን አንድ ጥርስ መልሱለት። ያም ካልረዳ ወደ ደረጃ 2።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ቢግልስ?

ጭስ ካያችሁ ወይም ፔዳሉ ድንገት ከለሰለሰ ማርሽ ቀንሱና ሜዳ ላይ ቁሙ። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ውሃ የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ የሚጨምቀው እንፋሎት ነው። የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ ታምቡር ሲበርድ ይጠብና ሸራው ላይ ይጣበቃል። ጎማውን በድንጋይ አግዱ። ስትሄዱ ግን ድንጋዩን አንሱት! አገር ምድሩ በተተወ ድንጋይ ተሞልቷል።

እስኪበርድ ጠብቁ። ታምቡሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ማለቴ ነው። ከዚያ በደረጃ 2 ቁጥር 4 እንዳለው ካቮውን ብታላሉት ብዙ ጊዜ ቤት ያደርሳል። ፔዳሉ ከበረደም በኋላ ለስላሳ ከሆነ አትንዱ፤ አስጎትቱ።

ቁልቁለት ላይ ሕጉ የታወቀ ነው፦ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። በቮልስ ጣርማ በርን ወይም አባይን ስትወርዱ ይህ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ማርሽ ነው። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አስቀምጣችሁ አትውረዱ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ ይተንፍስ። ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው የቆጠበውን ለሸራ ነጋዴው ይከፍላል፤ እሱም ከደረሰ ነው።

ታምቡር ከፈታችሁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የ36ቱን ዳዶ በዚያው በ300 ኒውተን ሜትር ደግማችሁ ፈትሹ። ከተንቀሳቀሰ ኮፒሊያውን አውጡ፣ አጥብቁ፣ አዲስ ኮፒሊያ አስገቡ።